ጣሳው ላይ የማይታየው ወርቅ፦ የጀልባዬን ጎን መስመር የመቀባት ማስታወሻ

ሰኞ

ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ መቆሚያዋ ላይ ነች። ጥቁር ሰማያዊው የጎኗ ቀለም አሁንም ደህና ስለሆነ አልነካውም። የምሠራው ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ወርቃማ መስመር ነው። ከኋላ ደግሞ ስሟ አለ። ሁለቱም ድሮ ያበሩ ነበር። አሁን መስመሩ ቡናማ ሆኗል። ቡሎኖቹ ባሉበት አካባቢ ደግሞ አረንጓዴ ጣል አድርጎበታል።

ስፋቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ግን ጀልባን ከሩቅ ስናይ ዓይናችን የሚከተለው ይህንኑ መስመር ነው። የጠርዟን ቅስት ያሳያል፣ ረዘም ቀጠን ያደርጋታል። መስመሩ ከተበላሸ የቀረው ቀለም ምንም ያህል ቢያምር ጀልባዋ የተጣለች ትመስላለች። ስለዚህ የቀለሙን ምርጫ ቀላል ነገር አላደርገውም።

ከመፋቄ በፊት አሮጌውን ቀለም በምላጭ ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ላዩ ቡናማ ነው። ትንሽ ዝቅ ሲሉ ግን ዛሬም ወርቅ የሚመስል ቢጫ ይወጣል። ከላይ ብቻ መጥቆሩ የችግሩን ምንጭ ያሳያል፤ የተበላሸው ቀለሙ ውስጥ ያለው ብረት ነው። «ወርቃማ» ተብለው በጣሳ ከሚሸጡት ቀለሞች ብዙዎቹ ወርቅ የላቸውም። ውስጣቸው ያለው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ እጅግ ስስ ቅርፊት እስኪሆን ተፈጭቶ ይገባበታል። መዳቡ ሲበዛ ወደ ቀይ ያደላል፣ ዚንኩ ሲበዛ ወደ አረንጓዴማ ቢጫ። ቤት ውስጥ፣ የሥዕል ፍሬም ላይ፣ ዓመታት ይቆያል። ጨውና እርጥበት ባለበት ግን መዳብ ምንጊዜም መዳብ ነው። ይጠቁራል፣ ከዚያ አረንጓዴ ያወጣል።

ማክሰኞ ማታ

ሰው ወርቃማ ቀለም ሲፈልግ መጀመሪያ የቀለም ካርዱን ይገልጣል። «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ይላል። እኔ ግን ካርዱን አሁን ዘግቼዋለሁ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚያብለጨልጨው ነገር ከምን እንደተሠራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያንን ነገር ከአየርና ከውኃ የሚከልለው ምን እንደሆነ። የመልኩ ነገር ከሁለቱ በኋላ ይመጣል።

አማራጮቹን አንድ በአንድ እያየሁ ነው።

የመዳብና የዚንክ ብናኙን ከላይ ነግሬያለሁ። አምራቾቹ ራሳቸው ላዩ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን፣ አድርጉበት ይላሉ። ክሊሩ ግን ጀልባ ላይ መጫሩ አይቀርም። አንዴ ከተጫረ ጥቁረቱ በጭረቱ ገብቶ ከክሊሩ ሥር ይስፋፋል።

ሁለተኛው አሉሚኒየም ነው። የመኪና ሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅርፊቱ በቅባት አሲድ ስለሚለበስ ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። መስታወት የሚመስል ብር ይሰጣል፤ ነገር ግን በእጅ ሲነካ ይለቃል፣ ክሊር ሲደረብበት ደግሞ ድምቀቱ ይሞታል። ለጀልባ ጎን አይሆንም። ሁለተኛው በቀለሙ ውስጥ እኩል ተበትኖ ይቀራል። ክሊር ይቀበላል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫና ቡናማ ቀለም ሲጨመርበት ጥሩ ወርቅ ይመስላል።

ሦስተኛው ማይካ ነው፤ እኔን የሳበኝም እሱ ነው። ማይካ በስስ በስሱ የሚላጥ ማዕድን ነው። ብናኙ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይለበጣል፤ ለወርቃማና ለመዳብማ መልክ ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ይገባበታል። ብርሃኑ ከልባጩ የላይኛው ገጽም ከታችኛውም ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የልባጩ ውፍረት ነው። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ፣ እዚህ ውስጥ ጨው የሚበላው ንጹህ ብረት አለመኖሩ ነው። የብረት ኦክሳይድ ራሱ ዝገት ነው። የዛገ ነገር ዳግም አይዝግም።

አራተኛው እውነተኛ ወርቅ። እሱን ለስሟ አስቤዋለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ እጽፋለሁ።

ሐሙስ

አዲስ ቀለም ከመምረጤ በፊት ከሥሩ ያለውን ማወቅ ነበረብኝ። ነጭ ጨርቅ በጠንካራ ቲነር ነክሬ፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም ደጋግሜ አሸሁት። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ ቀረ፣ ቀለሙም አልለሰለሰም። ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የደረቀ ባለሁለት ክፍል ቀለም ነው ማለት ነው። ጥሩ ዜና ነው። ቀለሙ ለስልሶ ጨርቁ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ባለአንድ ክፍል ነበር። እንዲህ ባለው ላይ ጠንካራ ሶልቬንት (ማሟሟቻ) ያለው ባለሁለት ክፍል ቀለም ሲደረብ የታችኛው ይሸበሸባል፣ ይነሳል። ይህ ሙከራ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማንም እንዳይዘለው እመክራለሁ።

በዚህ ምክንያት ከላይ የሚመጣው ክሊርም ባለሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ይሆናል። ለውጭ ሥራ የተዘጋጀው፣ ፀሐይ የማያቢጨው አሊፋቲክ የሚባለው ዓይነት። ኤፖክሲ የሚባለው ሌላው ባለሁለት ክፍል ሽፋን ቢጠነክርም በፀሐይ ይነጣል፣ እንደ ጠመኔም ይለቃል። ስለዚህ ኤፖክሲ ከሥር እንጂ ከላይ ቦታ የለውም።

ቅዳሜ

ናሙናዎቹን ሠራሁ። ከአሮጌ ፋይበርግላስ ቁርጥራጮች ቆርጬ የጀልባዋን ሰማያዊ ቀለም ቀባኋቸው። ሲደርቁ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ከዚያ ናሱን (የመዳብና የዚንክ ቅይጡን)፣ ወርቃማ የተደረገውን አሉሚኒየምና ማይካውን ለየብቻ አኖርኩባቸው። እያንዳንዱን ግማሹን በብሩሽ፣ ግማሹን በስፕሬይ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ክሊር ደረብኩ።

በአጉሊ መነጽር ማየት ደስ ይላል። አሉሚኒየሙ ጠርዙ ያልተስተካከለ የመስታወት ስብርባሪ ይመስላል። እያንዳንዱ ቅርፊት ወይ ያበራል ወይ ጨልሟል፣ መሃል የለውም። ማይካው ለስለስ ይላል። ብርሃኑ ከውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው፣ አንዱ ቅንጣት ከሌላው ጋር ይዋሃዳል።

የብሩሽና የስፕሬዩ ልዩነት ደግሞ በዓይን ብቻ ይታያል። ብሩሽ ቅርፊቶቹን በሄደበት አቅጣጫ ያስተኛቸዋል። ብሩሹ ተመልሶ የተደራረበበት ቦታ ላይ ጥላ የመሰለ ምልክት ይቀራል። የፈለገውን ያህል ክሊር ቢደረብ አይጠፋም። ማይካው ላይ ቀለል ቢልም እሱም አለ። ያለ ሜታሊክ አንድ ወጥ ቀለም ቢሆን በብሩሽ ቆንጆ መስመር ይወጣል። ሜታሊክ ግን ስፕሬይ ይፈልጋል። በዚህ አልደራደርም።

እሑድ

ዛሬ ናሙናዎቹን ጀልባዋ ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፌ ውዬአለሁ። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የሚታይ ቀለምና ጎን ላይ ቆሞ የሚታይ ቀለም አንድ አይደሉም። ሜታሊክ እንደምናይበት ማዕዘን ይለዋወጣል። ፊት ለፊት ሲያዩት ይደምቃል፣ ከጎን ሲያዩት ይጨልማል። የጀልባ ጎን ደግሞ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም። መሃሉ ላይ ቆም ይላል። ወደ ፊት ሲሄድ ከላይ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ስለዚህ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞራል።

ወርቃማው አሉሚኒየም መሃል ላይ ከሁሉም በላይ ያምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤን ወስዶት ነበር። ወደ ፊት አምጥቼ ስለጥፈው ግን ጨለመ፣ ከሰማያዊው አጠገብ ደግሞ ጭቃማ አረንጓዴ መሰለ። አንድ ጀልባ ላይ ሁለት ቀለም ማለት ነው። ማይካውም ይለዋወጣል፤ ለውጡ ግን ከደማቅ ወርቅ ወደ ደብዛዛ ወርቅ ነው። ወርቅነቱን አይለቅም።

አንድ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። ማይካ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ቀለም መልኩን ይቀይረዋል። በቀጥታ ሰማያዊ ላይ ያረፈው ቀዝቀዝ ያለ፣ አረንጓዴ ያዘለ ወርቅ ሆነ። ነጭ ላይ የሞከርኩት ደግሞ ገረጣ፣ ከሩቅ ክሬም ይመስላል። ከሥሩ ቢጫማ አፈር የመሰለ ቀለም የተቀባበት ግን ሞቀ፣ ሙሉ ወርቅ ሆነ። እውነተኛ ወርቅ የሚለብጡ ባለሙያዎችም ከሥር ቢጫ የሚቀቡት በከንቱ አይደለም፤ የሳተ ቦታ ቢኖር ዓይን እንዳይስበው ነው።

የቅንጣቱ መጠንም ይወስናል። ሻካራው፣ ከሩቅ ብልጭ ብልጭ የሚለው፣ ለሰፊ ቦታ ነው። 18 ሚሊሜትር በሚሰፋ መስመር ላይ አሸዋ ይመስላል፣ የጠርዙንም ጥራት ይሰብራል። ደቃቁን ወሰድኩ።

ከሰዓት በኋላ ቀለሙን የሚረጭልኝ ባለሙያ መጣ። በዕድሜም በሥራም የገፋ ሰው ነው። የቀለም ጣሳውን ከፍቼ ላሳየው ስል እጁን አነሳ።

«ልጄ፣ ጣሳ ውስጥ አታሳየኝ። ደርቆ፣ ቆሞ፣ ከሩቅ ነው የሚታየው።»

«እሺ ጋሼ፣ ይኸው ጎኗ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

ራቅ ብሎ ሄደ። ዝም ብሎ አየ። ከዚያ የውኃ ጎማ አስመጣና ናሙናዎቹን ውኃ አጠጣቸው። ሲርሱ ሁሉም ይጠልቃሉ። ጀልባ ደግሞ ዕድሜዋን እርጥብ ናት። እሱም ማይካውን መረጠ፣ ቢጫ ከሥሩ ያለበትን።

ረቡዕ

የጨው ፈተና ውጤት። ናሙናዎቹን በምላጭ ክሊሩን አልፌ በመስቀል ጭሬአቸው ነበር። ላያቸው ላይ በጨው ውኃና በጥቂት ኮምጣጤ የተነከረ ጥጥ አድርጌ በፕላስቲክ ሸፍኜ አቆየሁ። ዛሬ ገለጥኩት።

ናሱ በጭረቱ ላይ ጠቁሯል። የሚያሳዝነው ጭረቱ ብቻ አይደለም፤ ግራና ቀኙ፣ ክሊሩ ያልተነካበት ቦታም ቡናማ ጥላ ጀምሮታል። የድሮው መስመሬ የሄደበትን መንገድ በትንሹ አየሁት። አሉሚኒየሙ በጭረቱ ላይ ነጣ ብሏል፤ ከዚያ አልሰፋም። ማይካው ላይ ጭረቱ እንደ ጭረት ብቻ ቀርቷል።

ተወስኗል። ቢጫ ከሥር፣ ደቃቅ ማይካ ከላዩ፣ ባለሁለት ክፍል ክሊር ከሁሉም በላይ።

ዓርብ

አሮጌው መስመር ወርዷል። ዝግጅቱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። መጀመሪያ በሳሙና አጠብኩ። ከዚያ በሁለት ጨርቅ ሰም ማንሻ፤ አንዱ ጨርቅ ያረጥባል፣ ሌላው ንጹሁ ወዲያው ይጠርጋል። አሸዋ ወረቀቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰሙ በማሸት ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይገባና ቀለሙን ያስለቅቃል። መጨረሻ ላይ ውኃ ረጨሁበት። ውኃው ጠብታ ጠብታ ሳይሆን አንድ ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ገጹ ንጹህ ነው። ተዘረጋ።

የመስመሩ ቅርጽ ግን ጊዜ ወሰደ። መስመሩ ከጠርዙ እኩል ርቀት ይዞ ቢሄድ ልክ ይመስላል ብሎ ሰው ያስባል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን የጀልባዋ ጎን ዝቅ ይላል። ርቀቱ አብሮ ካላነሰ መስመሩ የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ ርቀቱንም ስፋቱንም ወደ ኋላ በጥቂቱ አጠበብኩ። ስፋቱ መሃል ላይ 18 ሚሊሜትር፣ ኋላ 12። የሚተጣጠፍ ረጅም የእንጨት ዘንግ በፕላስተር እየያዝኩ አስቀመጥኩና ከሩቅ ቆሜ አየሁ። ቀረብኩ፣ በትንሹ አነሳሁ፣ እንደገና ራቅሁ። ሜትር የሚለውና ዓይን የሚለው ሲጣላ ዓይንን አመንኩ። ከውኃው ላይ ሆኖ የሚያያት ሰው ሜትር አይዝም።

ለጠርዙ የተለመደውን የወረቀት ማስኪንግ ቴፕ አልተጠቀምኩም። ወረቀቱ የተሸበሸበ ስለሆነ ቀለም በሥሩ ይሾልካል። ቀጭኑ የቪኒል ቴፕ ለስላሳ ነው፣ ቅስት ላይም ሳይጨማደድ ይታጠፋል። ወረቀቱ ከሱ ውጭ፣ ትልቁን ሰማያዊ ለመሸፈን ብቻ ገባ።

ቅዳሜ

የቀለም ቀን። ጠዋት ጎኗ ላይ ጤዛ ስለነበር ቆየን። ባለሙያው የገጹን ሙቀትና የአየሩን እርጥበት ለካ። ገጹ ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ አለበት። ፖሊዩሬቴን ገና ሳይደርቅ እርጥበት ካገኘው ብርሃኑ ይጠፋል፣ ጭጋግ የያዘው መስታወት ይመስላል። ማታም ስለሚጤዝ ሥራው ፀሐይ ሳትወርድ ማለቅ አለበት።

ስለ ማስኩ በግልጽ ልናገር። የባለሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ሃርድነር አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሲረጭ አየር ላይ ይበተናል። ሳንባን ያስቆጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሽታው ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ባለሙያው ከውጭ ንጹህ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ አለው። እኔ ያ ስለሌለኝ ክሊር ሲረጭ ግቢው ውስጥ አልነበርኩም። የጨርቅ ወይም የአቧራ ማስክ እዚህ ምንም አያደርግም። ይህን ሥራ ለባለሙያ የሰጠሁበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

ቢጫው ገባ። ሲደርቅ ማይካው። ባለሙያው ጣሳውን አንድም ጊዜ ሳያማስል አልቀዳም። ማይካ ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል፤ ካልተማሰለ መስመሩ ፊት ላይ ደብዝዞ ኋላ ላይ ይወፍራል። አንድ ወፍራም እጅ ከማድረግ ይልቅ ብዙ ስስ እጅ አደረገ። የመጨረሻው እጅ ለየት ያለ ነበር። የቀለም መርጫ ሽጉጡን አራቀ፣ ግፊቱን ቀነሰ፣ ቀለሙን ከሩቅ እንደ ጉም አሳረፈው። ቅርፊቶቹ በአንድ አቅጣጫ እንዳይተኙ፣ ዝንጉርጉርነቱም እንዲጠፋ ነው። በዓይኔ አየሁት። ከዚያ እጅ በፊት መሃሉ ላይ ደብዘዝ ያለ ዳመና ነበር፤ ከሱ በኋላ የለም።

ከዚያ ቴፑን አነሳን። ቀለሙ ገና ለጋ ሳለ፣ ወደ ራሱ ወደ ኋላ በሹል ማዕዘን እያጠፍን፣ ቀስ እያልን። ጠርዙ ምላጭ የቆረጠው ይመስላል። ክሊሩ ከመምጣቱ በፊት አዲስ ቴፕ ለጠፍን፤ ከመስመሩ ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወጣ አድርገን፣ ከላይም ከታችም። ክሊሩ ወርቁን አልፎ ሰማያዊውን ይይዛል ማለት ነው። የእንዲህ ዓይነት መስመር ደካማው ቦታ ጠርዙ ነው። ውኃ የሚገባው፣ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰማያዊው ላይ ያለችውን ስስ የክሊር ጠርዝ ካልተነገረው በቀር ማንም አያያትም።

ማክሰኞ

ስሟ። ፊደሎቹ ጥቂት ስለሆኑ እውነተኛ ወርቅ ይችላሉ። 23 ካራት ነው የመረጥኩት። ካራቱ ሲወርድ ብርና መዳብ ይገባበታል፣ ባሕር ደግሞ እነሱን ያገኛቸዋል። ወርቁ የሚመጣው ተጠፍጥፎ ነው፤ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ዐሥር ሺህኛ ያህል። በጣት ከነኩት ይጠፋል። ትንፋሽ ያነሳዋል።

ሰዎች ለዚህ ውበት ብዙ ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1637 ለእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የተሠራችው «ሶቨረይን ኦቭ ዘ ሲዝ» የተባለች የጦር መርከብ ከጠቅላላ ወጪዋ አንድ ዐሥረኛው ያህል የሄደው ለቅርጻ ቅርጽና ለወርቅ ልባጥ ነበር። የሚገርመኝ ወጪው አይደለም፤ ስስ ወርቅ ባሕር ላይ እንደሚቆይ ያኔም መታወቁ ነው።

ፊደሎቹን ዘይት በሆነው ማጣበቂያ ቀባኋቸው። ከዚያ መጠበቅ። ማጣበቂያው በጣም ከረጠበ ወርቁ ይሰጥማል፣ ብርሃኑን ያጣል። በጣም ከደረቀ አይዝም። መለኪያው የጣት አንጓ ነው። የታጠፈ ጣቴን ጀርባ ቀስ አድርጌ አሳርፌ ሳነሳ ትንሽ ያዝ አድርጎ የሚለቅ ድምፅ ካሰማ፣ ማጣበቂያውም ጣቴ ላይ ካልቀረ፣ ጊዜው ነው። ወርቁን አሳረፍኩ፣ በጥጥ ቀስ ብዬ ጠረግሁ። ትርፉ ረገፈ፣ ፊደሎቹ ቀሩ።

እዚህ ላይ ክሊር አላደረግሁም። ወርቁ ራሱ አይጠቁርም፤ ክሊሩ ግን ከወርቁ በፊት ያረጃል፣ ድምቀቱንም ይቀንሳል። ኋላዋ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይፈትጋትም። ጎኗ ላይ ቢሆን፣ መቆሚያ ሲነካት፣ ገመድ ሲያልፍባት፣ ያለ ክሊር አይቆይም ነበር። ከማይካው አጠገብ ሲታይ እውነተኛው ወርቅ ጠለቅ ያለ ነው። ግን አንዱ ጎኗ ላይ፣ ሌላው ኋላዋ ላይ ስለሆኑ ባንድ እይታ አይነጻጸሩም፤ የቢጫውንም መሠረት ከወርቁ ጋር አስተያይቼ ነው የመረጥኩት።

ሐሙስ

ለሥራው ከጎኗ ተፈትተው የነበሩት ብረቶች ተመልሰው ታሰሩ። ከእያንዳንዱ ብረት ሥር ማሸጊያ ገብቷል፤ በቡሎን ቀዳዳ የሚገባ ውኃ ከክሊሩ ሥር እንዳይሄድ።

ሜታሊክን በመሃሉ ሳያስታውቅ መጠገን ከባድ ነው። ትንሽ ቦታ ብቻ ቢረጭ ቅርፊቶቹ ሌላ አተኛኘት ስለሚይዙ ጥገናው ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ ገና ሳይጀመር መስመሩ የሚቆረጥባቸውን ቦታዎች አስቀምጫለሁ፤ ውኃ መውረጃዎቹ ላይ ይቆማል፣ ከነሱ ወዲያ ይቀጥላል። አንዱ ክፍል ቢጎዳ ያ ክፍል ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ይረጫል።

ከአሁን በኋላ ለስላሳ ሳሙናና ውኃ ብቻ። የሚፈጭ ፖሊሽ በማሽን አይነካትም፤ ክሊሩ ከሳሳ ማይካው ይጋለጣል። የመረጥነውን ናሙና አልጣልኩትም። ጀርባው ላይ የቢጫውን ቁጥር፣ የማይካውንና የሃርድነሩን መጠን፣ የሽጉጡን ግፊትና የሥራውን ቀን ጽፌ ከተረፈው ቀለም ጋር አስቀምጬዋለሁ።